የተረፈችው አሳማ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ላም ረገጠችኝ። ወረታ፣ የፎገራ ወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ ውስጥ፣ ገና ፈርሜ ከቢሮው በራፍ ሳልርቅ አዲሱ ነጭ ጋዋኔ ላይ የጭቃ ሰኮና ታተመበት። ባለከብቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ጭኔ ግን ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ሰነበተ።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ስመኘው ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ቴርሞሜትር ከደረት ኪሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። «ባንቺአምላክ፣ ላሟ ጥፋት የለባትም» አሉኝ። «ገመዱ ሳይታሰር ነው የገባሽው። ማን አሯሯጠሽ?»

ማንም አላሯሯጠኝም። ተፈጥሮዬ ነው። ቁጭ ማለት አልችልም፤ ቆሜ እበላለሁ፣ እየሄድኩ አወራለሁ፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ መልሱን እሰጣለሁ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እሷ ተረቱን ሳትጨርሰው እኔ ከቤት ወጥቼ ነበር።

ያን ዕለት መጀመሪያ የተማርኩት አይስቦክስ መሸከም ነው። ክትባት ከሞቀ ውኃ ነው፣ ውኃ ወግተሽ ከመጣሽ ደግሞ ከብቱ ሲሞት ስምሽ ይነሣል አሉኝ አቶ ስመኘው። ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ከባለከብት ነው። አያ ተገኘ የሚባሉ፣ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ፣ በሬያቸውን ለአባሰንጋ ሊያስከትቡ መጥተው ተራ ይጠብቃሉ። መርፌውን ገልብጬ ስይዝ አዩና ሊያጽናኑኝ ጀመሩ።

«ልጄ፣ የዛሬ በሽታ ምን አለው» አሉ። «በአባቴ ዘመን ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ሲገባ በረት ሙሉ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። ከመቶ አንድ ሁለት ቢተርፍ ነው። ያ የተረፈው ግን ወርቅ ነው። ይፋግ ገበያ ላይ “ያለፈበት ነው” ብለሽ ከማልሽ ገዥው አይከራከርሽም። ዳግመኛ አይታመማ!»

አቶ ስመኘውን እውነት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እውነት ነው» አሉ። «ደስታ አንዴ የለቀቀውን ከብት ዕድሜ ልኩን አይነካውም። ደሙ ጠላቱን አውቆታል። ክትባትስ ምን መሰለሽ? ሳይታመም እንዳለፈበት ማድረግ ነው።»

ይቺን ነገር ወደድኳት። አጭር ናት፣ ገበሬም ምሁርም ይስማማባታል። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ቀበሌ ሁሉ ከብቱን አልወጋም የሚል ገበሬ ሲገጥመኝ «አያትህ ያለፈበት በሬ ሲገዙ አላየህም?» እለዋለሁ፤ ገመዱን ይዞ ይመጣል። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን አይስቦክሱን ራሴ ላይ ጭኜ፣ ሩዙን እየሰነጠቅሁ፣ አልቅት እግሬ ላይ እየተጣበቀ ስዞር ያቺው ቃል አብራኝ ነበረች። ደስታ እራሱ በክትባት ከምድረ ገጽ ሲጠፋ በክሊኒካችን የጨፈርኩት እኔ ነኝ። አቶ ስመኘው አጨበጨቡ እንጂ አልጨፈሩም።

እንዲህ ስል ዓመታት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ስመኘው ሁላችንንም ሰብስበው «ከተማው ዳር የአሳማ እርባታ ተከፍቷል፤ ባለቤቷ የጤና ክትትል ጠይቃለች» አሉ። አሳማ በፎገራ! አንዱ ባልደረባዬ «እኔ ዲያቆን ነኝ» አለ። ሌላው «ሚስቴ ቤት አታስገባኝም» አለ። አቶ ስመኘው «እንግዲህ ማን—» ሲሉ እኔ «እሄዳለሁ» አልኩ።

ጀግንነት አልነበረም። የሩብ ዓመት ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ነበር፤ ከሪፖርት አሳማ ይሻላል ብዬ ነው።

ባለቤቷ ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ። ባላቸው ሲሞቱ አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው የመጡ፣ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ በሰው ሐሜት የማይደነግጡ ሴት ነበሩ። አሳማውን የሚሸጡት ለባሕር ዳር ሆቴሎችና ለመንገድ ሥራ ካምፖች ነው። «ባንቺ፣» አሉኝ መጀመሪያ ቀን፣ በረቱን እያሳዩኝ፣ «ቤቴ ይኸው ነው። ልጅም የለኝ፣ ጡረታም የለኝ። እነዚህ ከሞቱ እኔም አለቀልኝ። ስለዚህ የምትነግሪኝን ሁሉ እሰማሻለሁ።»

ይሰሙኝም ነበር። መከራው እዚያ ላይ ነው።

አሳማ መያዝ እንደ ከብት መያዝ አይደለም። ቀንድ የለውም፣ ገመድ የምታስርበት አንገት የለውም፣ ሲነካ ደግሞ ጩኸቱ እስከ ሐሙሲት ከተማ የሚሰማ ነው የሚመስለው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቴርሞሜትር ሰበርኩ። ወይዘሮ ጽጌ እየሳቁ በሰፊ ጣውላ እየገፉ ጥግ ማስያዝ አስተማሩኝ።

ሰዉ ግን አስቸገረኝ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ አፍንጫውን የሚይዝ አለ። አያ ተገኘ ደግሞ ለወይዘሮ ጽጌ የአጥር ጎረቤት ናቸው። አንድ ቀን ከአሳማው ወጥቼ የታመመች ጊደራቸውን ልመረምር ስል በዱላቸው መንገዱን ዘጉት።

«በዚያ ጫማ ደጄን እንዳትረግጪ!»

«አያ ተገኘ፣ ጊደሯ እኮ ትኩሳት አላት።»

«ትኩሳቷ ይሻለኛል። አውልቂ፤ እጅሽንም እስከ ክርንሽ ታጠቢ።»

ተናደድኩ፣ ግን ታጠብኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጥንድ ቦቲ ጫማ ያዝኩ፤ የከብቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ የአሳማውን ወይዘሮ ጽጌ በራፍ ምስማር ላይ ሰቅዬ። የነፍስ አባቴንም ሄጄ ጠየቅሁ። «ዳሰስሽ እንጂ በላሽ እንዴ?» አሉኝ። «ሥራሽ ነው፤ ታጥበሽ ግቢ።» እፎይ አልኩ።

ባሕር ዳር ያለው የክልሉ የእንስሳት ላቦራቶሪ ዶክተር ይህን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። «የናንተ ሰው ሳያውቀው ጥሩ አጥር ሠርቶላችኋል» አለኝ። «የሌላ አገር አርቢ ጎረቤቱ በጫማው ገብቶ በሽታ እንዳያመጣበት ይለምናል። እናንተ ጋ ማንም አይገባም።» እውነቱን ነበር፤ ወደዚያ በረት የሚገባ ሰው እኔና ወይዘሮ ጽጌ ብቻ ነበርን።

በሽታው ታዲያ በምን ገባ? በባልዲ ገባ። ወይዘሮ ጽጌ ከሆቴሎቹ ትርፍራፊ እያስመጡ ነው አሳማውን የሚመግቡት። በጾም ወራት ትርፍራፊው ሽሮ፣ ምስርና እንጀራ ነው፤ ምንም አይልም። ፋሲካ ሲመጣ ግን ባልዲው በሥጋ ይሞላል፤ ለውጭ አገር እንግዳ የተሠራ የአሳማ ሥጋም ይገባበታል። «ቀቅለው ይስጡ» ብያቸው ነበር። በበዓሉ ሳምንት ግን ማገዶ አልቆ ሳይቀቀል ተሰጠ።

ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ አሳማዎቹ መብላት አቆሙ። ጆሯቸው ቀላ፣ ሆዳቸው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ወጣ፣ እርስ በርስ ተደራርበው ይተኛሉ። የለካሁት ሁሉ ትኩሳት አለው። ደም ቀድቼ በአይስቦክስ ባሕር ዳር ላክሁ። መልሱ መጣ፤ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት። መድኃኒት የለው፣ እኛ እጅ የሚገባ ክትባትም የለው። ሰውን አይዝም፣ ከብትም አይዝም፤ አሳማን ግን ይጨርሳል።

ጨረሰም። ወይዘሮ ጽጌ አላለቀሱም፤ የሞተውን እየቆጠሩ ግድግዳው ላይ በከሰል ያሰምሩ ነበር። አንዲት እናት አሳማ ብቻ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሻሼ ብለው የሚጠሯት፣ ለአምስት ቀን ወድቃ በስድስተኛው ተነሥታ ውኃ ጠጣች። በአሥረኛው ቀን ገንዳውን በአፍንጫዋ ትደበድብ ጀመር፤ ርቧታል።

ዶክተሩ በስልክ «የቀረውም ይወገድ፣ ይቀበር፣ በረቱ በኖራ ይታጠብ» ብሎ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ እጄን ያዙ። «ባንቺ፣ ይቺ እኮ ተረፈች! አሸንፋዋለች! የተረፈችውን ደግሞ እኔ ልግደል?»

እኔ ደግሞ አያ ተገኘ ትዝ አሉኝ፤ ያለፈበት በሬ። ለራሴም እንዲህ አልኩ፦ ይቺ አሳማ ወርቅ ናት፤ ግልገል ብትወልድ ግልገሎቿም ጠንካራ ይሆናሉ። ወር አቆይቼ ደሟን ቀድቼ እንደገና ላክሁ።

መልሱ የመጣልኝ የገበያ ቀን፣ ወረታ መገንጠያው ላይ ቆሜ ነው። የደብረ ታቦር መኪና ይጠራል፣ የጎንደር አይሱዙ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ባጃጅ በእጄ አስቁሜ በጆሮዬ ስልክ ይዣለሁ።

«አንቲቦዲ አላት» አለ ዶክተሩ። ደም በሽታውን ሲያውቀው የሚሠራው መከላከያ ማለቱ ነው። «ግን ባንቺአምላክ፣ ይህ ማለት እኮ—»

«ገባኝ፣ ዶክተር፣ ገባኝ! እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩና ዘጋሁት። ባለባጃጁ እየጮኸብኝ ነበር።

ሁለት ጊዜ መልሶ ደወለ። አየሁት። ስጨርስ እደውልለታለሁ አልኩ። ነገ አልኩ። አልደወልኩም።

አቶ ስመኘው ጠየቁኝ። «ዶክተሩ ምን አለ?»

«አንቲቦዲ አላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። እኔ እንደ ልማዳቸው የቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ።

ለወይዘሮ ጽጌ «ትቆይ» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። «ያለፈበት ዳግም አይታመምም፤ አያ ተገኘን ይጠይቋቸው» አልኩ። ሽማግሌው አጥሩ ላይ ተደግፈው ይሰሙን ነበር።

«በከብት እንደዚያ ነው» አሉ። «ይኼን ፍጥረት ግን አላውቀውም። እኔን አትጥቀሺ።»

ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ የማያውቀውን አላውቅም አለ። እኔ የተማርኩት አላልኩም። ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ወይዘሮ ጽጌ የቀራቸውን ሁሉ አወጡ። ማቀዝቀዣቸውን፣ የባላቸውን መኪና ሸጠው ከመሀል አገር ግልገሎች አስመጡ። በረቱ በኖራ ነጽቷል፣ ባልዲው ይቀቀላል፣ እኔ ራሴ አንድ በአንድ ለክቼ አስገባኋቸው፤ ጤነኞች ነበሩ። ሻሼ ካለችበት ቀላቀልናቸው። እሷ እንግዳ አልወደደችም። ተናከሱ፣ ጆሮ ተቦጨቀ፣ ደም ፈሰሰ። «ይለማመዳሉ» አልኩ፤ አሳማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። «ባንቺ፣ ጆሯቸው ቀላ» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስደርስ ሦስት ሞተው ነበር። የቀሩት ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ሻሼ ከሬሳው አጠገብ ቆማ ትበላለች። ጆሮዋ አልቀላም፣ ዓይኗ ንጹሕ ነው፣ ትኩሳት የላትም። ቴርሞሜትሩን ሁለቴ አየሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ቦታ ቁጭ አልኩ፤ እዚያው ጭቃው ላይ።

ለዶክተሩ ደወልኩ። «ያን ቀን የጀመሩትን ይጨርሱልኝ» አልኩት።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «ሰውነት ውስጥ በሽታን እየዋጡ የሚያጠፉ ሴሎች አሉ። ጠላትን ውጠው ምልክቱን ለሌሎቹ የሚያሳዩ እነሱ ናቸው፤ የቀረው የደም ወታደር ሁሉ ማንን መውጋት እንዳለበት ከነሱ ይማራል። ይህ ቫይረስ የሚኖረው እነዚያው ሴሎች ውስጥ ነው። ሌባው ያደረው ዘበኛው ቤት ነው፤ እዚያ ሆኖ ዘበኛው “ድረሱልኝ” እንዳይል አፉን ይይዘዋል።»

«አንቲቦዲውስ? አላት ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አላት። ግን ይህን ቫይረስ አያስቆመውም። ለደስታ አንቲቦዲ ማለት በሽታው ወጥቷል፣ በሩም ተዘግቷል ማለት ነበር። ለዚህኛው፣ በሽታው ገብቶ ነበር የሚል ምስክር ነው፤ ወጥቷል አይልሽም። የተረፈች ሁሉ ታስተላልፋለች አልልሽም። ግን ደሟ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ደሟ ከሌላ ደም እንዳይገናኝ፣ ከሁሉም ይልቅ ትወገድ ልልሽ ነበር።»

«ያን ቀን ይህን ሊሉኝ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ደውዬልሻለሁ» አለኝ።

በዚያ ሳምንት መንደሩ ሁሉ ማብራሪያ አገኘለት። መቅሠፍት ነው ተባለ፤ የረከሰ እንስሳ አምጥታ መሬቱ አልቀበል አላት ተባለ። አቶ ስመኘውም፣ ክፉ ሰው ሆነው ሳይሆን አዝነውልኝ፣ «ሪፖርቱን “የመጣበት አልታወቀም” ብለሽ ጻፊው፤ ማን ይጠይቅሻል?» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ፈለግሁ። ብዕሩን አንሥቼ ነበር። መቅሠፍት ከሆነማ ወይዘሮ ጽጌ ናቸው ጥፋተኛ፤ ካልታወቀ ደግሞ ማንም አይደለም። ሁለቱም እኔን ነጻ ያወጣኛል።

ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ብዕሩን ጥዬ ሄድኩ።

ወይዘሮ ጽጌ ግድግዳው አጠገብ ቆመዋል፤ ሁለተኛው የከሰል ሰልፍ ከመጀመሪያው ሥር ተሰምሯል። «እትዬ ጽጌ፣» አልኩ፣ «ከሻሼ ነው። መቅሠፍትም አይደለም፣ የእርስዎም ጥፋት አይደለም። ዶክተሩ ሊነግረኝ ሲል ስልኩን ዘጋሁበት። ትቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«የተናገርሽውን ሁሉ ሰማሁሽ፣ ባንቺ። አንቺ አንድ ሰው እስኪጨርስ መስማት አቃተሽ?»

ይቅር ይበሉኝ ማለት እንኳ አፈርኩ። አልቅሼ ነው የወጣሁት፤ በመንገዱ ሰው ያየኝ ሁሉ ዘመድ የሞተብኝ መስሎት ነበር።

ሻሼን ያስወገድናት በማግሥቱ ነው። በመርፌ፣ በእጄ። ጉድጓዱን አያ ተገኘ ቆፈሩ። ማንም አልጠራቸውም፤ ዶማቸውን ይዘው መጡ። «እቆፍራለሁ፣ አልነካም» አሉ። ቆፍረው ሲጨርሱ ዘወር ብለው ለወይዘሮ ጽጌ «እግዜር ያጽናዎት» አሏቸው፤ ሰው ለሞተበት እንደሚባለው።

ሪፖርቱን እንደሆነው ጻፍኩት። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ወይዘሮ ጽጌ በወሩ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጫኑ። አዲስ አበባ ቤት ስለሌላቸው እኅታቸው ቤት ነው የሚገቡት። መገንጠያው ላይ ልሸኛቸው ቆሜ ነበር፤ ያው ስልኩን የዘጋሁበት ቦታ። ከጋቢናው ሳይወርዱ አንድ ጥንድ ቦቲ በመስኮት አቀበሉኝ፤ ምስማሩ ላይ የሚሰቀለው የአሳማው ቦቲ። ታጥቦ ነበር።

«ይኼ ያንቺ ነው» አሉ። «አልረገምኩሽም። ግን አልረሳልሽም።»

መኪናው ሄደ። ዳግም አልተገናኘንም።

ቦቲውን እስከ ጡረታዬ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ፎገራ ላይ የአሳማ ቦቲ ምን ይሠራል ብለው ይጠይቁኛል፤ ቁጭ አድርጌ፣ እኔም ቁጭ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራቸዋለሁ። መሃል ላይ «ገባኝ» የሚል ካለ ከመጀመሪያው እደግምለታለሁ።

ከበሽታ የተረፈ እንስሳ ሁሉ ከበሽታው አልተላቀቀም። የትኛው እንደተላቀቀ የሚያውቀው ሰው ሲነግራችሁ፣ እስኪጨርስ ስልኩን አትዝጉ።